ከፈረስ እርግጫ ላተረፋችሁኝ ሁሉ

ወገኖቼ፣ የጋሪ ፈረሴ ደንግጦ ጎኔን እንደረገጠኝ ሰምታችኋል፤ ዝርዝሩን አልደግመውም። በእግዚአብሔር ቸርነት ቤቴ ገብቻለሁ። እግዜር ይስጥልኝ!

እኛ የባሕር ዳር አባይ ማዶ ሰፈር ባለጋሪዎች ጋሼ የምንላቸውን አባት ግን በምን ቃል እንደማመሰግን እንጃ። ከተረገጥኩ በኋላ ተነስቼ ቆሜ ነበር። ከክርኔ መላጥ በቀር ደም የለም። «ተርፏል፣ ውሃ ስጡት» ተባለ። ወጌሻ ይሽው ያለም ነበር። ጋሼ ሸሚዜን ገለጡና ግራ ጎኔን አዩ። ከጎድን አጥንቴ ግርጌ የኮቴው ቅርጽ ቀልቶ ወጥቷል። «ማንም እንዳይነካው! ሆስፒታል!» አሉ። እዚያ ጋ ጣፊያ አለ። ጣፊያ ሲተረተር ደሙ የሚፈሰው ወደ ውስጥ ነው። ያን ቀን ታሽቼ ቢሆን ልጆቼ... ተዉት ይቅር።

ባጃጅ ውስጥ እጄን አልለቀቁም። «እንዳትተኛብኝ ልጄ» ይሉኛል። ክርኔን ፋንድያ ስለነካው የመንጋጋ ቆልፍ መርፌ እንዲሰጠኝ ለሐኪሙ ያስታወሱትም እሳቸው ናቸው።

ፈረሴ ይሸጥ ሲባልም እንቢ አሉ። ወስደው ሳርና ፉርሽካ ከኪሳቸው እየገዙ ያዙልኝ። እውነታቸውን ነው፣ ፈረሱ ክፉ አይደለም። ፈረስ ልክ ከጭራው ኋላ የቆመን ሰው አያይም፤ ያኔ ደግሞ ሞተር ሳይክል ጮኾበት ደንግጧል። አሁን ወጣቶቹን ሲመክሩ እሰማለሁ፦ «ከኋላው ስታልፍ ድምፅ አሰማው። ወይ እጅህን ዳሌው ላይ አድርገህ ተጠግተህ እለፍ፣ ወይ ራቅ ብለህ ዙር። መሃል ላይ ከቆምክ እርግጫው በሙሉ ጉልበቱ ያገኝሃል።» እባካችሁ ስሟቸው። እድሜ ይስጥልኝ ጋሼ!

የእኛ ሥራ ቀጣሪ የለውም፤ ስንጎዳ ካሳ የሚከፍለን የለም። ያለን ዕቁባችን ነው። ዕጣው የወጣለት ወንድሜ ብሩን ሳይቆጥር ለባለቤቴ ሰጣት። እሷ እስካሁን ስታነሳው ታለቅሳለች።

ሐኪሞቼና ነርሶቼ፣ ደም የለገሳችሁልኝ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ የሰፈሬ ሰዎች፣ በጸሎት ያሰባችሁኝ፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ስማችሁን ያላነሳኋችሁ ብዙ ናችሁ፤ ይቅር በሉኝ።

የባጃጁ ልጅ ደግሞ ሂሳብ ሳይቀበል ሄዷል። ወንበሩን በጭቃ አበላሽተንበት ነበር። ሰሌዳውን ያየ የለም። ወንድሜ፣ ይህን ካነበብክ አባይ ማዶ ጋሪዎቹ ከሚቆሙበት ና፤ እኔን ካጣህ ጋሼን ጠይቅ።