የቁፋሮ ፈቃድ ሲሰጥ የአፈሩ መድፊያም ይጠየቅ

ለአዘጋጁ፦

አዳማ ውስጥ ዛሬ በየትኛውም አቅጣጫ ብትሄዱ የሚቆፈር ቦታ አታጡም። ለሕንፃ ምድር ቤት፣ ለመንገድ፣ ለቱቦ። ከተማችን ስትገነባ ማየት ደስ ይላል። እኔን የሚያሳስበኝ የሚወጣው አፈር ነው።

የመሬት ሥራ የሚያውቅ ሰው አይጠፋውም፤ አፈር ሲቆፈር ይላላና መጠኑ ይጨምራል። ተራው አፈር በሩብ ያህል፣ ድንጋይ ደግሞ በግማሽና ከዚያም በላይ ሊጨምር ይችላል። 20 ሜትር በ30 ሜትር የሆነ ቦታ 4 ሜትር ቢቆፈር ጉድጓዱ 2,400 ሜትር ኪዩብ ነው። የሚጫነው ግን 3,000 ሊደርስ ይችላል። 16 ሜትር ኪዩብ በሚጭን ሲኖትራክ ወደ 190 ቢያጆ (ምልልስ) መሆኑ ነው። ከአንድ ሕንፃ ብቻ!

ይህ ሁሉ የት ይሄዳል? ሹፌሩ በቢያጆ ከተከፈለው ቅርብ መድፋት ያዋጣዋል። ስለዚህ ከተማው ጫፍ ላይ ያለ ገደል ወይም የጎርፍ መውረጃ ይመረጣል። በሹፌሩ አልፈርድም። እዚህ ድፋ ብሎ ቦታ ያሳየው ከሌለ ምን ያድርግ?

አዳማ ደግሞ ይህን የምትችል ከተማ አይደለችም። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ በኮረብታዎች ተከባ ነው የተቀመጠችው። ክረምት ሲገባ የኮረብታው ውኃ ወደ እኛ ይወርዳል። አፈሯም ከእሳተ ገሞራ የመጣ ነው፤ አመድና ፑሚስ ይበዛዋል። ፑሚስ ውኃ ላይ የሚንሳፈፍ ቀላል ድንጋይ ነው። ሳይጠቀጠቅ የተከመረ እንዲህ ያለ አፈር አንድ ከባድ ዝናብ ይበቃዋል። ታጥቦ ወርዶ ቦዩን ይደፍናል። ጎርፉም መሄጃ ሲያጣ ሰው ቤት ይገባል። በእኛ ሰፈር ይህን አይተናል።

የሚቆጨኝ ደግሞ አፈሩ የሚፈለግ መሆኑ ነው። በመንገድ ሥራ ከጉብታው የሚቆረጠው ለጎድጓዳው ሙሌት እንዲሆን አስቀድሞ ይሰላል። ከተማ ውስጥም አንዱ የሚጥለውን ሌላው ይፈልገዋል። ለሙሌት የሚሆነው ተለይቶ፣ በስሱ እየተነጠፈ፣ ውኃ እየጠጣ በሮለር ቢጠቀጠቅ ስንት ጉድጓድ በሞላ ነበር።

የከተማው አስተዳደር የቁፋሮ ፈቃድ ሲሰጥ የአፈሩን መጠንና የሚደፋበትን ቦታ በጽሑፍ ይጠይቅ። ጭነቱም ሸራ ይልበስ፤ አቧራውን የሚውጡት መንገድ ዳር የሚነግዱ እናቶች ናቸው። ሌላው ጊዜ ቢወስድ እንኳ፣ ክረምቱ ሳይገባ የመድፊያ ቦታዎች ተለይተው ለሹፌሮች ይነገሩ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የአዳማ ነዋሪ