ካርቶኑና ቆጣሪው አይተዋወቁም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው እትማችሁ የቴክኖሎጂ ገጽ ላይ የኮምፒውተር ፕሮሰሰሮችን በፍጥነት፣ በዋጋና በመብራት ፍጆታ ያወዳደራችሁበትን ሰንጠረዥ አየሁት። ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ ልፋታችሁም ይታያል። ግን ሦስተኛው ዓምድ አላስተኛኝም። “የመብራት ፍጆታ” ብላችሁ የደረደራችኋቸው ቁጥሮች የመብራት ፍጆታ አይደሉም! ቲዲፒ የሚባለው፣ አምራቹ ካርቶኑ ላይ ወይም ድረ ገጹ ላይ የሚጽፈው ቁጥር ነው።

ቲዲፒ ከሥሩ የሙቀት ቁጥር ነው። “ይህን ያህል ሙቀት የሚያነሳ ማቀዝቀዣ ግጠሙልኝ” ይላል እንጂ “ከዚህ በላይ መብራት አልበላም” አይልም። በዚያ ላይ ሁለቱ ፕሮሰሰር ሠሪዎች ኢንቴልና ኤኤምዲ የሚያሰሉት በየራሳቸው መንገድ ነው። የኤኤምዲው ራይዘን 9 7950ኤክስ ቲዲፒው 170 ዋት ነው፤ ግን እስከ 230 ዋት እንዲስብ ተፈቅዶለታል። የኢንቴሉ ኮር አይ9 13900ኬ ደግሞ እናንተ ጋ 125 ዋት ተብሎ እንደ ጨዋ ልጅ ቁጭ ብሏል፤ ሥራ ሲበዛበት ግን 253 ዋት ድረስ ይሄዳል። ይህ ሐሜት አይደለም። ኢንቴል ራሱ ከ12ኛው ትውልድ ጀምሮ ሁለቱንም ቁጥሮች ጎን ለጎን ይጽፋል። እናንተ ትንሹን ብቻ ስላነሳችሁ፣ ያ ፕሮሰሰር ሰንጠረዣችሁ ላይ ከ7950ኤክስ የበለጠ ቆጣቢ ሆኖ ወጣ። ጉድ ነው።

እንዲህ የምንገበገበው ስለተቃጠልኩ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔም ካርቶኑን አምኜ፣ 125 ዋት ለሚል ፕሮሰሰር ለ125 ዋት የሚሆን ማቀዝቀዣ ገዛሁ። ያቀናበርኩትን ቪዲዮ ሳወጣበት የመጀመሪያዋን ደቂቃ በረረ። ከዚያ ሙቀቱ 100 ዲግሪ ደረሰና ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ቀነሰ፣ ፋኑም እንደ ወፍጮ ቤት ያጓራ ጀመር። ለአንዲት ደቂቃ ፍጥነት ነበር ያን ሁሉ ብር የከፈልኩት።

ደግሞ ቁጥሩ የሚያታልለው ወደ አንድ ወገን ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ራይዘን 7 7800ኤክስ3ዲ ቲዲፒው 120 ዋት ነው። በእናንተ ሰንጠረዥ ከ13900ኬ ጋር እኩል ሊባል የሚችል በላተኛ ይመስላል ማለት ነው። ጌም ላይ ስታዩት ግን ብዙውን ጊዜ ያንን ፕሮሰሰር እየመራ፣ የሚበላው ከግማሹ በታች ነው። ገበያ ሲገባ ዋጋው 449 ዶላር ነበር፣ የ13900ኬ 589። ሚስጥሩ ትልቅ ካሽ፣ ማለትም እዚያው ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ፈጣን ማስታወሻ፣ መሸከሙ ነው። የሚፈልገውን ዳታ እዚያው አጠገቡ ስለሚያገኘው ራም ድረስ ደጋግሞ አይመላለስም።

ሌላው ነገር፣ ዋት ያለ ጊዜ ምንም አይናገርም። አንድን ሥራ አንዱ በ200 ዋት በ10 ደቂቃ ጨረሰው እንበል፤ 33 ዋት ሰዓት ያህል በላ። ሁለተኛው በ80 ዋት 18 ደቂቃ ፈጀበት፤ 24 ዋት ሰዓት። ሦስተኛው በ60 ዋት ብቻ እየሠራ 40 ደቂቃ ቆየ፤ 40 ዋት ሰዓት። ዋቱ ከሁሉም ያነሰው ነው ከሁሉም የበለጠ የበላው! ያ ሁሉ ደቂቃ ሲያልፍ ደግሞ ስክሪኑም፣ ራሙም፣ ዲስኩም አብረው ይበላሉ። ስለዚህ ልኬቱ መወሰድ ያለበት ከግድግዳው ሶኬት ላይ ነው፣ ሥራው እስኪያልቅ ድረስ።

ፍጥነትን በጊጋኸርዝ፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ በሰከንድ ስንት ቢሊዮን ጊዜ እንደሚመታ በሚናገረው ቁጥር ብቻ፣ ማሰለፋችሁንም ዝም ብዬ አላልፍም። እ.ኤ.አ. በ2004 ኢንቴል ፔንቲየም 4ን እስከ 3.8 ጊጋኸርዝ ገፍቶት ነበር፣ ቲዲፒው 115 ዋት። በ2006 የመጣው ኮር 2 ዱኦ ኢ6600 በ2.4 ጊጋኸርዝና በ65 ዋት ብቻ በሥራ ፍጥነት ቀጣው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ የሚበላው ኃይል ከጊጋኸርዙ ጋር ይጨምራል፣ ከቮልቴጁ ጋር ደግሞ በካሬ ይጨምራል፤ ጊጋኸርዝ ለመጨመር ደግሞ ቮልቴጅ መጨመር ግድ ይሆናል። የመጨረሻዋ ቁራጭ ፍጥነት እሳት የሆነችው ለዚህ ነው። ራይዘን 5 7600 እና 7600ኤክስን ተመልከቱ። ሁለቱም 6 ኮር፣ ማለትም ስድስት የሥራ ክፍል፣ አላቸው። አንዱ 5.1 ጊጋኸርዝ፣ 65 ዋት ቲዲፒ፣ መነሻ ዋጋው 229 ዶላር፣ ማቀዝቀዣው ካርቶኑ ውስጥ አብሮ ይመጣል። ሌላው 5.3 ጊጋኸርዝ፣ 105 ዋት፣ 299 ዶላር፣ ማቀዝቀዣውን ራስህ ቻል። ለ0.2 ጊጋኸርዝ! የእናንተ የዋጋ ዓምድ ማቀዝቀዣ፣ ማዘርቦርድና ፓወር ሰፕላይ የሚባሉ ነገሮች በዓለም ላይ ያሉ አይመስለውም።

እስካሁን የኤኤምዲ ጠበቃ መስዬ ከሆነ፣ አይደለሁም። ኮምፒውተር አብዛኛውን ዕድሜውን የሚያሳልፈው ሥራ ፈትቶ ነው፣ እኛ እያነበብን፣ እያሰብን፣ ተነስተን ሄደን። በዚህ ሰዓት ከቁርጥራጭ ቺፕ የሚገጣጠሙት የዴስክቶፕ ራይዘኖች ብዙ ጊዜ ከኢንቴሎቹ የበለጠ ይበላሉ። ቀንና ሌሊት ለማይጠፋ ትንሽ ሰርቨርማ የኢንቴል ኤን100 ዓይነቱ፣ ቲዲፒው 6 ዋት ብቻ የሆነው፣ ይበቃል። ሂሳቡን እዩት፦ በቀን ለአንድ ሰዓት የ100 ዋት ልዩነት በዓመት 36.5 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ሃያ አራት ሰዓት ሙሉ የ20 ዋት ልዩነት ግን 175 ይሆናል። ይቺን ሥራ የመፍታት ነገር በሰንጠረዣችሁ ውስጥ ብፈልጋት የለችም።

ትልቁን ፕሮሰሰር ቀድሞ የገዛ አንባቢም ካለ አይዘን። ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈተው ባዮስ የሚባል ማስተካከያ ውስጥ ገብቶ የዋት ጣሪያውን ዝቅ ማድረግ ይችላል፤ ኤኤምዲ ኢኮ ሞድ ይለዋል። እኔ የራሴን ከቀነስኩት በኋላ ሥራው ዘገየ ለማለት ሰዓት መያዝ ያስፈልገኛል፣ ወፍጮ ቤቱም ተዘግቷል።

እና አንድ ሶኬት ላይ የሚሰካ የዋት መለኪያ ግዙ። ውድ አይደለም። ሥራ ፈትቶ ስንት እንደሚስብና አንድ ሙሉ ሥራ ለመጨረስ ስንት ዋት ሰዓት እንደሚፈጅ ለክታችሁ ሁለት ዓምድ አድርጉት። እስከዚያው ሦስተኛውን ዓምድ “የማቀዝቀዣ መምረጫ” በሉት።

የዘወትር አንባቢያችሁ