ለወደቁ ወታደሮቻችን የስም ግንብ፦ የድጋፍ ጥሪ ከጅማ

መርዶ ሰምቶ አስከሬን ያላየ፣ መቃብር የሌለው ቤት በየሰፈራችን አለ። ለእነዚህ ቤተሰቦች በእድራችን ግቢ የስም ግንብ ልንሠራ ተነሥተናል። በ1969 እና በ1970 ምሥራቅ የወደቀውን፣ በደርግ ዘመን ሰሜን የቀረውን፣ ከ1990 እስከ 1992 በባድመና በጾረና የተሠዋውን አንለይም። «የማን ወታደር ነበር?» የሚለው ጥያቄ ከግቢው በር ውጭ ይቅር።

ግንቡ ርዝመቱ 6 ሜትር፣ ከፍታው 1.8 ሜትር ነው። ፊቱ ላይ 90 በ60 ሳንቲ ሜትር የሆኑ 12 ጥቁር ግራናይቶች ይገባሉ፤ እያንዳንዱ 12 ስም ይይዛል። ነጭ እብነ በረድ ያምራል፣ ግን በጅማ ዝናብ ቶሎ አረንጓዴ ይለብሳል።

መሬቱ ዋልካ ነው፤ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ ግንቡንም ይዞ። ስለዚህ ጥቁሩ አፈር 1.5 ሜትር ተቆፍሮ ይወጣና 60 ሳንቲ ሜትር ሰሌክት (የማያብጥ፣ ለሙሌት የሚመረጥ አፈር) በሦስት ዙር እየተጠቀጠቀ ይሞላል፤ መሠረቱ ከዚያ በላይ ነው። ግራናይቱን በሙጫ ብቻ መለጠፍም አያዋጣም። አንዱ 29 ኪሎ ግድም ስለሚመዝን ውሃ ከኋላው ከገባ ይወድቃል። በአራቱም ማዕዘን በማይዝግ ብረት ይያዛል፤ የግንቡ ራስ ላይም 5 ሳንቲ ሜትር ወጣ ያለ ክዳን ይደረጋል።

ከድንጋዩ ይልቅ የሚያደክመው ስሙ ነው። ሞክሼ ስለሚበዛ እስከ አያት ይጻፋል። በግዕዝ ፊደል ይሁን በቁቤ (ኦሮምኛ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል) ቤተሰቡ ይመርጣል፤ በቁቤ ከሆነ አንዲት ድርብ ፊደል ብትዘለል ስሙ ሌላ ሰው ይሆናል። የቀራጩ ኮምፒውተር ፎንቱ ከሌለው ደግሞ የግዕዙን ፊደል ሳጥን ያደርገዋል። ስለዚህ መጀመሪያ በወረቀት፣ በልኩ ታትሞ ቤተሰቡ ይፈርምበታል። ቀን አንጽፍም፦ ብዙ ቤት የሚታወቀው መርዶ የተነገረበት ቀን እንጂ ልጁ የወደቀበት አይደለም። ዓመቱና ግንባሩ ይበቃል፤ ያልታወቀው ባዶ ይተዋል። ፎቶም፣ መስቀልም፣ ጨረቃም አይኖርም።

የሚያስፈልገው 18 ኩንታል ሲሚንቶ፣ 10 ሜትር ኩብ ድንጋይ፣ 5 ሜትር ኩብ አሸዋና 2 ሜትር ኩብ ጠጠር ነው፤ ለግራናይቱና ለቀረጻው ብር። ሲሚንቶ የምትሰጡ ከሥራው ሳምንት በፊት አታምጡ፤ በዚህ እርጥበት ከረጢቱ ውስጥ ይጠጥራል። ቁፋሮው ዝናቡ ሲያባራ፣ በኅዳር ይጀመራል። ብር የሚሰጥ ከእድሩ ገንዘብ ያዥ ደረሰኝ ሳይቀበል አይሂድ። ስም ለማስመዝገብ ግን ክፍያ የለም፤ የመርዶው ደብዳቤ ካለ ይዛችሁ ኑ፣ ከሌለ ልጁን የሚያውቁ ሁለት ጎረቤቶች ይበቃሉ።