ባዶ እጅህን ና

ልጄ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኛ ደህና ነን። የእናትህ ጉልበትም ሻል ብሎታል። ሦስት ቀን ሙሉ ደወልኩ፣ አታነሳም። ለነገሩ መጻፉ ይሻላል፤ በስልክ ሳወራህ መጮህ እንደሚቀናኝ ታውቃለህ።

እህትህ ሁሉንም ነግራኛለች። እሷን እንዳትቆጣ፣ ያስለፈለፍኳት እኔ ነኝ። የሥራ ሰዓታችሁ ተቀንሶ ደሞዝህም አብሮ መቆረጡን ሰማሁ። ቀጥላ ደግሞ "ወይ ተበድሬ እመጣለሁ፣ ወይ እቀራለሁ እንጂ ባዶ እጄን ቤት አልገባም" ማለትህን ነገረችኝ። የሥራው ነገር አሳዘነኝ። ይሄኛው ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ስማኝ፣ ለበዓል ብለህ እንዳትበደር።

ሒሳብ ትወድ የለ? እስቲ አስላው። በወር 10 በመቶ ወለድ 1,000 ብትወስድና ወለዱም ወለድ እየወለደ ዓመት ቢሞላው፣ ዕዳህ ከ3,100 በላይ ይሆናል። በዓሉ ያው አንድ ቀን ነው። የሚቀጥለው በዓል ሲመጣ ዕዳው ቀድሞህ በር ላይ ይጠብቅሃል።

ይሄን ያወቅኩት በራሴ ላይ ደርሶ ነው። ከሥራ የተቀነስኩበትን ዓመት ታስታውሳለህ? ሰባት ዓመትህ ነበር። እናትህ "ዘንድሮ ባለን እንዋል" ብትለኝ ጮህኩባት። ሰው ምን ይለናል አልኳት። ሄጄ ከዚያ ሰውዬ ተበደርኩ (የቱ ሰውዬ እንደሆነ አልነግርህም፣ ታውቀዋለህ)። ለአንተ ያ የሚያብለጨልጭ ጫማ ተገዛ፣ ለእህትህ ቀሚስ፣ ቤቱም በእንግዳ ሞላ። ሁሉም ሲስቅ እኔ የመክፈያውን ቀን እቆጥር ነበር። ከፍዬ እስክጨርስ ጫማው ጠብቦህ ተጥሏል። እባክህን አትበደር።

ሰሞኑን እህትህ አንድ ነገር አነበበችልኝ። ኤመንስና ማከሎክ የሚባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጡት ጥናት፣ አንዱን የተማሪዎች ቡድን ለ10 ሳምንት በየሳምንቱ የሚያመሰግኑበትን እስከ አምስት ነገር አስጻፉት፣ ሌላውን ደግሞ ያማረረውን። ምስጋናውን የጻፉት ስለ ኑሯቸው የተሻለ ስሜት ነበራቸው አሉ። እኔ ሳቅኩ። የተቆረጠ ደሞዝ በወረቀት ይሞላል እንዴ? ኑሮ ከብዶሃል፣ አልከበደህም ብዬ አልዋሽህም።

ማታ ሁሉም ሲተኛ ግን ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ። አንደኛ ብዬ የጻፍኩት ምን እንደሆነ ታውቃለህ? የአያትህን ሹራብ።

ያን ዓመት የበዓሉ ዋዜማ ላይ መጣች። የራሷን ሹራብ ተርትራ፣ በዚያው ክር ለአንተ አንድ ትንሽ ሹራብ ሠርታ ነበር። እኔ ደግሞ ያ ሁሉ የዕዳ ዕቃ ቤት ውስጥ ተደርድሮ፣ እሷ ያሮጌ ክር ይዛ ስትመጣ አፈርኩ። እንግዶቹ እንዳያዩት ከእጇ ተቀብዬ ቁም ሳጥን ውስጥ ወረወርኩት። አመሰግናለሁ እንኳ አላልኳትም። እሷ ምንም አልተናገረችም፣ ጥግ ላይ ቁጭ አለች። ትከሻዋ ላይ ነጠላ ነገር ጣል አድርጋ ነበር፣ ብርድ ነበር፣ ለምን ሹራቧን እንዳልለበሰች የገባኝ ከሄደች በኋላ ነው። በማግስቱ ሄጄ አመሰግናለሁ እላታለሁ አልኩ። ከዚያ ለሚቀጥለው ሳምንት አልኩ። ከዚያ ያ ሰውዬ ብሩን ይጠይቀኝ ጀመር፣ ሰው ፊት መውጣት አስጠላኝ። የሆነውን ታውቃለህ፣ ክረምቱን አልጨረሰችም።

አንተ ያንን ሹራብ ሁለት ዓመት ለበስከው። ስለ ጫማው አንድ ቀን ስታነሳ ሰምቼህ አላውቅም።

ምን ልልህ ነበር የጀመርኩት? አዎ፣ እንዳትበደር። ዘንድሮ እዚህም ሰፊ ድግስ የለም። እናትህ የምትጠራው ሰው ጥቂት ነው፣ የሚቀርበውም ጥቂት ነው፣ እኔም በዚህ አላፍርም። ካፈርኩም ችዬው እቀመጣለሁ። አንተ ብቻ ና።

አሁን የምነግርህን በደንብ ያዝ። ከተከፈለህ መጀመሪያ የቤት ኪራይህን ክፈል። ማንም "ቶሎ ብድር" ብሎ ስልክህ ላይ ቢልክልህ አትንካው። ያ ለጓደኛህ ያበደርከውን ገንዘብ ጠይቀው፣ ይሉኝታ ይቅርብህ። የመኪናው ሒሳብ ከጎደለህ ንገረኝ፣ ያንን እኔ እችለዋለሁ። በማታ እንዳትሳፈር፣ በጠዋት ተነሳ። ካፖርትህን ያዝ።

ሹራቡ እናትህ ሣጥን ውስጥ ተገኝቷል። ክርኑ ጋ ተተርትሯል። እህትህ ልትጠግነው ጀምራ ክሩ አንሷታል፣ እዚያ ግራጫ ክር ካየህ ትንሽ ይዘህላት ና። ውድ ከሆነ ተወው።

አባትህ

ስልክህን አንሣ።