ከሴባስቶፖል ጥላ ሥር፦ የሥነ ጽሑፍ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ክበባችን ዘንድሮ ሥራ የጀመረው ጥቅምት አጋማሽ ላይ ነው። ባለፉት ዓመታት ግጥሙንም፣ ጭውውቱንም፣ አጭር ልብ ወለዱንም እያቀላቀልን ስንሠራ ቆይተናል። ዘንድሮ ግን አንድ ነገር ላይ እንቆይ ተባብለን ዓመቱን በሙሉ ታሪካዊ ልብ ወለድ ስናነብና ስንጽፍ ከረምን። ደሴ የሚኖር ልጅ ታሪክ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ከክፍላችን መስኮት ጦሳ ይታያል፤ ቦሩ ሜዳ ቅርባችን ነው፤ የውጫሌ ውል የተፈረመበት ይስማ ንጉሥ አምባሰል ውስጥ ነው፤ መቅደላም የእኛው የወሎ ነው። ተማሪዎቻችን እነዚህን ስሞች ከነዓመተ ምሕረታቸው ያውቋቸዋል፤ የሚያውቋቸው ግን ለፈተና ነው። ያን ቀን እዚያ የነበረው ሰው ምን በልቶ እንደዋለ፣ በርዶት እንደሆነ፣ ማንን ቤት ትቶ እንደመጣ ጠይቀው አያውቁም።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በንባብ አለፉ። «ልብ ወለድ» የምንለው ቃል ከአንድ መጽሐፍ ርእስ የመጣ መሆኑን ስነግራቸው ብዙዎቹ ተገረሙ። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሙትን ሥራ «ልብ ወለድ ታሪክ» ብለው ነው የሰየሙት፤ ታሪኩም የሚጀምረው ካለፈ ዘመን ጦርነት ነው። ልብና ታሪክ አንድ ርእስ ውስጥ ተጎራብተው መቀመጣቸው ለክበባችን ጥሩ መነሻ ሆነን። ስለ አፄ ቴዎድሮስ ከተጻፉት ልብ ወለዶች ቤተ መጻሕፍታችን ውስጥ የተገኘው ሁለት ቅጂ ብቻ ስለሆነ በየተራ ጮክ ብለን አነበብን። ከጎኑም አለቃ ወልደ ማርያም ከጻፉት ዜና መዋዕል የተወሰነ ክፍል አየን። ዜና መዋዕሉ አማርኛ ነውና ልጆቹ ያለ አስተርጓሚ ገቡበት። ጸሐፊው ንጉሡን ሲከተሉ፣ ድንኳኑን የተከለው ሰው፣ ውኃ የቀዳችው ሴት ከገጹ ውጭ ይቀራሉ። «እነሱን እንፈልጋቸው» አልኳቸው።

ኅዳር ላይ መጻፍ ጀመርን። ቀድሞ ረቂቁን ያመጣው አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነው። ታሪኩ ሴባስቶፖልን ስለሚጎትት አንድ ወጣት ነበር። ጋፋት ላይ የተሠራው ይህ መድፍ ወደ 70 ኩንታል ይመዝናል። ደብረ ታቦርን ለቅቆ፣ በዋድላና በደላንታ አልፎ፣ በሽሎን ተሻግሮ መቅደላ እስኪወጣ ከጥቅምት እስከ መጋቢት 1860 ዓ.ም. ድረስ ወስዷል፤ መንገዱም ከፊት ከፊቱ እየተጠረገ ነው የተሄደው። ልጁ ይህን ሁሉ በደንብ አጥንቶ ጽፏል። ሦስተኛው ገጽ ላይ ግን «ደላንታ ሲደርሱ ደከማቸውና ባሕር ዛፍ ጥላ ሥር አረፉ» ይላል።

ሲያነብ ብዙዎቻችን አላስተዋልነውም፤ እኔም አልፌው ነበር። ተራራው ሁሉ ባሕር ዛፍ ለብሶ እያየ ላደገ ልጅ ዛፉ ከፍጥረት ጀምሮ ያለ ይመስለዋል። አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ እጇን አወጣችና «ቲቸር፣ ባሕር ዛፍ በምኒልክ ዘመን ነው የገባው ብለውን አልነበር?» አለች። እውነቷን ነው። ባሕር ዛፍ አገራችን የገባው አፄ ቴዎድሮስ ካለፉ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

ልጁ ቅር አለው። «ታዲያ ግራር ላድርገው?» አለኝ። በግምት እንዳይቀይር፣ አገሩን የሚያውቅ ሰው እንዲጠይቅ ነገርኩት። አጎቱ የደላንታ ሰው ናቸው፤ ደወለላቸው። መልሳቸውን በሳምንቱ ይዞ መጣ፦ «ሜዳው ላይ ምን ጥላ አለ ልጄ! እኛ እረኛ ሳለን በበጋ የምንጠለለው ከበሬው ሥር ነበር።» ልጁ ባሕር ዛፉን ሰረዘ፤ ግራሩንም ተወው። በምትኩ፣ ጎታቾቹ ጥላ ሲያጡ መድፉ ራሱ በጣለው ጥላ ውስጥ ሦስት ሦስት እየሆኑ በተራ እንደተቀመጡ፣ ነሐሱ ግሎ ስለነበር ግን ጀርባቸውን ማስደገፍ እንዳልቻሉ ጻፈ። ካነበበልን በኋላ ክፍሉ ለጥቂት ጊዜ ጸጥ አለ። እኔም ብዙ ዓመት የተማሪ ጽሑፍ ሳርም ኖሬ እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር በእጄ የገባው ጥቂት ጊዜ ነው። ስሕተቱ ባይገኝ ኖሮ ይህም አይገኝም ነበር።

ከዚያ ወዲህ «ባሕር ዛፍ» በክበባችን ዘንድ ያለ ዘመኑ ለገባ ነገር ሁሉ መጠሪያ ሆነ። ማንም ሲያነብ አንዱ «ባሕር ዛፍ!» ካለ ይቆማል። በዚህ ዓይነት በ1860 ዓ.ም. «አምስት ሳንቲም» የከፈለ ገበሬ አገኘንና በአሞሌ እንዲገበያይ አደረግነው። ገና ያልተቆረቆረችው ደሴ ገበያ የወጣ መልእክተኛም ተይዟል። ክብሪት የጫረች እናት እሳት ከጎረቤት እንድትጭር ሆነ። ብዙ ጊዜ የወሰደብን ሰዓት ነው። «ከጠዋቱ 2 ሰዓት» የሚለውን ስናወጣ ምን እንተካ? ልጆቹ ቤታቸው እየጠየቁ ዶሮ ሲጮኽ፣ ከብት ሲሰማራ፣ ጥላ ሲዞር፣ ከብት ሲገባ የሚሉትን ለቅመው መጡ፤ ግድግዳው ላይ ለጥፈነዋል። በሌላ በኩል ገጸ ባሕርይው ሁሉ እንደ ደብዳቤ ማኅተም በጥንት ቃል ብቻ እንዲናገር የሚፈልጉ ነበሩ። እኔ አልደግፈውም። ገባሩም ሲርበው «ራበኝ» ነው የሚለው።

የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ስለተሸነፉበት የሰገሌ ጦርነት የተነሣው ክርክር ሁለት ሳምንት ፈጀ። አንዲት ጎበዝ ጸሐፊያችን ንጉሥ ሚካኤል ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ድል እንዲያደርጉ ፈለገች። «ልብ ወለድ አይደል ወይ?» አለች፤ ግማሹ ክበብም ከእሷ ጋር ቆመ። የወሎ ልጆች ናቸውና አልፈረድኩባቸውም። ሆኖም የሚታወቀውን ነገር አንገለብጥም የሚለውን ደንብ አስጠበቅሁ። የሞተውን ሰው ቤተሰቡ አልቅሶ ቀብሮታል፤ እኛ ልናስነሣው አይገባም። የምንገባው ታሪኩ ዝም ያለበት ቦታ ነው። ከሰገሌ ጥቂት ቀናት ቀድሞ ቶራ መስክ ላይ የወሎ ጦር የራስ ልዑልሰገድን ጦር ድል አድርጎ እንደነበር ስታነብ ግን ታሪኳ በራሱ መንገድ አገኘ። ከድሉ ማግሥት ወደ ቤቱ «መጣሁ በሉ» ብሎ የሚልክ ወታደር ጻፈች። አንባቢው ሰገሌን ያውቃል፤ ወታደሩ አያውቅም። ሰገሌ በጽሑፉ ውስጥ አንድም ቦታ አልተጠራም።

ጥር ላይ ቦሩ ሜዳ ሄድን። ብርዱ ከባድ ነበር፤ ያም ጠቀመን፤ የጉባኤው ሰው ምን ለብሶ እንደቆመ ያለ እኔ ጥያቄ ማሰብ ጀመሩ። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ ንጉሥ ምኒልክ ባሉበት ያደረጉት ጉባኤ የቤተ ክርስቲያንን ክርክር ዘጋ፤ የወሎ ሙስሊሞችም እንዲጠመቁ አዋጅ ወጣ። ኢማም መሐመድ ዓሊ ሚካኤል የተባሉት ያኔ ነው። ይህን ርእስ በክፍል ውስጥ ማንሣት ከባድ ነው፤ ሳልሸፋፍን ላነሣው ወሰንኩ። የስም መጥሪያዬን ብታዩት የልጁ ስም የሙስሊም ሆኖ የአያቱ የክርስቲያን፣ የልጅቷ የክርስቲያን ሆኖ የአያቷ የሙስሊም የሆነ ብዙ ነው፤ ወሎ ውስጥ ይህ ብርቅ አይደለም። ሁለት ጓደኛሞች፣ አንዷ ሙስሊም አንዷ ክርስቲያን፣ አዋጁ የተሰማበትን ምሽት ለመጻፍ ተስማሙ። ከዚያ ቤት ተለዋወጡ፦ ክርስቲያኗ የሙስሊሙን ቤት፣ ሙስሊሟ የክርስቲያኑን ቤት ጻፈች። ለመጻፍ አንዷ የሌላዋ ቤት ሄዳ እናቷን መጠየቅ ነበረባት። ዱዓ ሲደረግ ቡና የት እንደሚቀመጥ፣ በጾም ቀን ማን ምን እንደሚበላ ቁጭ ብለው ተማሩ። ሁለቱ ጽሑፎች በዚህ መጽሔት ጎን ለጎን ወጥተዋል፤ ሁለቱም ቤቶች ያን ምሽት የሚነጋገሩት በሹክሹክታ ነው።

አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የ2014ቱን ጦርነት መጻፍ እንደሚፈልግ ነግሮኝ ነበር። ከልብ ወለዱ በፊት ያየውን ብቻ፣ ቀኑንና ቦታውን እያሰፈረ በደብተር እንዲያስቀምጥ መከርኩት። ሃምሳ ዓመት ቆይቶ ታሪካዊ ልብ ወለድ የሚጽፍ ሰው የሚፈልገው እንዲህ ያለውን ደብተር ነው። ጽፎታል፤ አላየሁትም፤ እንዲያሳየኝም አልጠየቅሁትም።

የዓመቱ መጨረሻ ሥራችን የረሃቡ ዘመን ነበር። አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ አያቷን ስለ ክፉው ቀን ጠየቀቻቸው። መጀመሪያ «የሰባ ሰባቱ» መስሏት ጽፋ ነበር፤ በኋላ ያኔ ገና አለመዳራቸውን ሲነግሯት በ1966 ዓ.ም. የታወቀው ቀዳሚው ረሃብ መሆኑ ገባት። አያትየው ስለ ሞት መናገር አልፈለጉም። «ተይኝ ልጄ» ብለው ዝም አሉ። እሷም አልገፋቻቸውም፤ ቡና አፈላችላቸው። በሦስተኛው ሲኒ ላይ «የወፍጮ ድምፅ ነበር የጠፋው» አሏት። ሌሊት ሌሊት ከየቤቱ ይሰማ የነበረው የድንጋይ ወፍጮ አንድ ባንድ እየቀነሰ ሄደ፤ አንድ ሌሊት ከአንድ ቤት ብቻ ተሰማ፤ ከዚያ እሱም ቀረ። የተማሪዋ ታሪክ የሚጀምረው በዚህ ነው፦ ጨለማ ውስጥ ተኝታ የጎረቤት ወፍጮ የምትቆጥር ልጅ።

ሰኔ ላይ በወላጆች ቀን ሥራዎቻችንን ስናነብ አያትየው ነጠላቸውን አጣፍተው ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። ልጅቷ አንብባ ስትጨርስ አዳራሹ አጨበጨበ። እሳቸው አላጨበጨቡም፤ እጃቸውን በልጅቷ ክንድ ላይ አድርገው «አንድ ነገር ረስተሻል» አሏት። «የተመለሰ ጊዜስ? የመጀመሪያዋ ወፍጮ ስትሰማ እናቴ ተነሥታ በሩን ከፈተችው። ብርድ ነበር፤ ግን እንድንሰማ ብላ ከፍታ ተወችው።»

ልጅቷ እዚያው መድረኩ ጥግ ላይ ቁጭ ብላ፣ ያነበበችውን ወረቀት ገልብጣ ጀርባው ላይ ጻፈችው። አዲሱን ረቂቅ ነሐሴ ላይ ታመጣልኛለች።