ከአጥሩ የተከረከመው ቅጠል

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከጅማ፣ ከጅሬን ነው። ግቢዬ ውስጥ አንዲት የወተት ላምና ሦስት በጎች አሉኝ። በጎቹ እስከ ጥር ድረስ አራት ነበሩ።

የሽቦ አጥሬን ያለበስኩት የወፍ ቆሎ ነበር። አንድ ሐሙስ ከገበያ ስመለስ ነው ችግኙን የገዛሁት፣ አበባው ማርኮኝ። አንዲቷ እቅፍ ላይ ቢጫም ብርቱካናማም ሮዝም አለባት። የጅማ ዝናብ ደግሞ ምን የማያበቅለው አለ? በሁለት ክረምት ሽቦው አልታይ አለ። በጎቹ አጠገቡ ይውላሉ፣ ግን አይነኩትም። ቅጠሉን በጣት ሲያሹት ጠረኑ ይከብዳል። ስለዚህ አልሰጋሁም።

ጥር ላይ ሳሩ ደርቆ ሳለ አጥሩን ከረከምኩና ቅርንጫፉን በር ሥር ከመርኩት። በማግስቱ ጠዋት ስወጣ ትልቋ በግ ክምሩ ላይ ቆማ ታኝካለች። አባረርኳትና ሥራዬን ቀጠልኩ።

በሁለተኛው ቀን መኖ አልቀምስ አለች። በሦስተኛው የዓይኗ ነጩ ቢጫ ሆነ። ከፀሐይ እየሸሸች ግድግዳ ሥር ትለጠፋለች። ጆሮዋ አበጠ፣ የአፍንጫዋ ቆዳ ተሰነጣጠቀ፣ ዝንብ ወረራት። የእንስሳት ሐኪሙ ሲመጣ በጓን ሳይነካ በፊት አጥሩን አየ። «ከዚህ በልታለች?» አለኝ። የወፍ ቆሎ ጉበት ይጎዳል። ጉበት ሲደክም ከለምለም ቅጠል የሚመጣውን ነገር ማስወገድ ያቅተዋል፣ እሱ ደም ውስጥ ሲቀር ፀሐይ ቆዳዋን ያቃጥላታል። የበላችውም ሆዷ ውስጥ ቆይቶ መመረዙን ይቀጥላል። ጨለማ ቤት አስገባናት፣ የከሰል መድኃኒት አጠጣናት። በስድስተኛው ቀን ሞተች።

ይህን የምጽፈው አጥሩን ለማሳመር ሐረግ የሚያስብ ሰው ሁሉ እንዲጠነቀቅ ነው። እንዶድም አጥር ላይ ሲወጣ አይቻለሁ። እንዶድን ማን ያጣዋል? ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች ልብስ ካጠቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ያዩት በእሱ ነው። ለልብስ ሸጋ ነው፣ ለበግና ለላም ግን መርዝ ነው። በበጋ ሌላው ሲደርቅ እሱ ለምለም ሆኖ ይቆያል፣ የሚያስፈራኝም ይኸው ነው። ቅንጭብም ሐረግ ባይሆን ብዙ አጥር ላይ አለ። ወተቱ ዓይን ውስጥ ከገባ ሰውንም ከብትንም ክፉኛ ያማል።

እኔ አሁን ጠምበለል ተክያለሁ። የራሳችን አገር ሐረግ ነው፣ ነጭ አበባው ማታ ማታ ግቢውን ያውደዋል፣ በግ ቢቀጥፈውም ጉዳት የለውም። በመንገዱ በኩል ቀጋ አለኝ። እሾሁ አጥር ነው፣ ፍሬውን ልጆች ይበሉታል። ወደ ላይ የምትወጣ ጽጌረዳም ደህና ናት፣ ችግሩ በግ ስለሚወዳት ገና ትንሽ እያለች መከለል አለባት። ቡገንቪሊያ የወደደ ይትከል፣ እሾሁ ይቧጭራል እንጂ ገዳይ አይደለም። ለአንድ ክረምት ብቻ ሽፋን የፈለገ ዱባ ያውጣበት። የኔ ላም የዱባ ቅጠል ስታይ ገመድ ትበጥሳለች።

ጎረቤቶቼ፣ አደራ፣ የወፍ ቆሎ ስትከረክሙ ቅርንጫፉን መንገድ ላይ አትጣሉ። በበጋ የሰፈሩ በግ ሁሉ በዚያ ያልፋል፣ ተርቦ ነው የሚያልፈው። እኔ የቀረውን ከነሥሩ ነቅዬ፣ አድርቄ አቃጥዬዋለሁ። ከጉቶው እንደገና ሲያቆጠቁጥ ሁለቴ ቆፍሬዋለሁ።

ችግኝ የምትሸጡ ወገኖችም፣ ገዢው አበባ ሲመርጥ «ቤትዎ ከብት አለ?» ብላችሁ ጠይቁልን። እኔን ያን ሐሙስ የጠየቀኝ ሰው ቢኖር አበባው ቢያምረኝም ትቼው እሄድ ነበር።

አንዲት አንባቢያችሁ
ከጅሬን፣ ጅማ