ለልጄ፦ ከግቢ ብቻሽን አትውጪ

ግንቦት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.
አዲስ አበባ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን አለሽ የኔ እናት? እኔ ደህና ነኝ። ስፌቱ ደርቋል፤ ሐኪሙ ሰኞ አወጣልሃለሁ ብሎኛል። እናትሽም ደህና ናት፤ የወንድምሽን ልጆች ስታበላና ስታጥብ ትውላለች። ስለ አንቺ ነገር ምንም አልሰማችም። ደብዳቤ የምጽፍልሽም ለዚሁ ነው። ይህ ቤት ጠባብ ነው፤ በስልክ ባንሾካሹክም ትሰማኛለች። ወረቀቱን የሚያደርስልሽ የጎረቤታችን ልጅ ነው። ነገ ሌሊት 11 ሰዓት ከመናኸሪያ ወደ ጅማ ይነሳል። ሲደርስ ምሳ አብዪው፤ መንገዱ ረጅም ነው።

ትናንት ከሠፈራችን አንድ ሰው ደወለልኝ። ማን እንደሆነ አልነግርሽም፤ ትቆጪዋለሽ። "ጋሼ፣ ልጅዎን አንድ ተማሪ እየዛተባት ነው። ሰኞ ማታ እስከ አዌቱ ድልድይ ድረስ ተከትሏታል" አለኝ። ወዲያው ደወልኩልሽ። "ደህና ነኝ አባዬ፣ ፈተና እያረምኩ ነው" አልሽኝ። ድምፅሽን እኮ አውቀዋለሁ። በልጅነትሽ ሳህን ሰብረሽ "ምንም አልሆነም" ስትዪ እንደዚሁ ቅጥን ይል ነበር።

የሰማሁትን ልንገርሽ። ልጁ አሥራ አንደኛ ክፍል ነው። ስልኩን ጭኑ ላይ አድርጎ ሲኮርጅ ያዝሽው። ወረቀቱን ተቀብለሽ ዜሮ ሰጠሽው። በማግስቱ ክፍል ስትገቢ ሰሌዳው ላይ አንድ ቃል ተጽፎ ጠበቀሽ፦ "መንደራ"። ስድብ የለበትም፣ ስምሽም የለበትም። የምንኖርበት ሠፈር ስም ብቻ። አንቺም ዳስተሩን አንስተሽ አጥፍተሽ የዕለቱን ትምህርት ቀጠልሽ አሉ። ይህን ስሰማ ኮራሁብሽ። ተናደድኩብሽም። ምነው ሳታጠፊው ፎቶ ብታነሺው ኖሮ!

ከዚያ ደግሞ ከማታውቂው ቁጥር "ማታ ማታ ብቻሽን ነሽ አይደል" የሚል መልእክት መጣ። ለዩኒት ሊደሩ ነገርሽው፤ "ወጣትነት ነው፣ ይበርድለታል" አለሽ። ለርዕሰ መምህሩ ነገርሽው፤ "ፈተና ደርሷል፣ አሁን ግቢውን አናምሰው" አለሽ። ከዚያ በኋላ አፍሽን ዘጋሽ።

ልጄ፣ ከግቢ ብቻሽን አትውጪ።

ወደ ሐኪም ያመላልሰኝ የነበረውን ባለባጃጅ ታውቂዋለሽ። ዛሬውኑ በወር ተነጋገሪው። ገንዘቡን ከጡረታዬ እኔ እልካለሁ፤ በዚህ እንዳትከራከሪኝ። ጧት ከቤታችን በር ይውሰድሽ፣ ማታ ከትምህርት ቤቱ በር ይውሰድሽ። ድልድዩን በእግርሽ አትሻገሪ። አሁን ዝናቡ ገብቷል፤ ጅማ ሲደማምን ገና በ11 ሰዓት እንደሚጨላልም ላንቺ አልነግርሽም። መብራት ከሄደ ደግሞ ሰውና ግንድ አይለይም። የአክስትሽ ልጅ እኛ ጠቅልለን እስክንመለስ እዚያው ትደር። የጓሮውን በር መቀርቀሪያ አሠሪው። ከአቮካዶው ሥር የዘመመው አጥርስ ተቃና? ካልተቃና አናጢውን ጥሪው፤ ሒሳቡን ስመጣ እከፍለዋለሁ።

"ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነው፣ አስተማሪ ነኝ፣ በገዛ ተማሪዬ ምክንያት በአጃቢ ልሄድ ነው?" ትያለሽ። አዎ፣ በአጃቢ ትሄጃለሽ። ውርደቱ ያንቺ አይደለም። ውርደቱ አንድ አስተማሪ ቤቷ እስክትደርስ ዞር ዞር እያለች እንደምትሄድ እያወቁ ወንበራቸው ላይ የተቀመጡት ነው። ይህን የምልሽ እኔም እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ ስለነበር ነው።

ከአልጋችን ሥር ያለውን የቆርቆሮ ሳጥን ታውቂዋለሽ። ስድስት ዓመት ገደማ ሳለሽ ከፍተሽው አንድ ወረቀት አወጣሽና "አባዬ፣ ይሄ የማን ጽሑፍ ነው? በጣም ያምራል" አልሽኝ። ነጥቄሽ አስለቀስኩሽ። እናትሽ "ለወረቀት ብለህ ልጅ ታስለቅሳለህ?" ብላ ተቆጣችኝ። የማን እንደሆነ ለሁለታችሁም አልተናገርኩም።

የአንድ የሒሳብ መምህር ነው። ጊዜው 1988 ዓ.ም. ነው፤ አንቺ ገና ታዝለሽ ነበር። እኔ እዚያው ጅማ ምክትል ርዕሰ መምህር ነበርኩ። ስምንተኛ ክፍል ውስጥ ከእኔ የሚረዝም አንድ ተማሪ ነበር። ያ መምህር መጀመሪያ የመጣ ቀን ለሚኒስትሪ ተፈታኞች ፎቶ በየቅጹ ላይ እየለጠፍኩ ነበር፤ እጄ ሁሉ ማጣበቂያ ነው። በሩ ላይ ቆሞ "ጋሼ፣ ልጁ ደብተሩን ገልጦ ቢላዋ አሳየኝ" አለኝ። ቀና ብዬ እንኳን በወጉ አላየሁትም። "ልጅ ነው፣ አንተ ትልቅ ሁንለት" አልኩት።

በሳምንቱ ደግሞ መጣ። ማታ ማታ ቤቱ ላይ ድንጋይ ይወረወራል። "ዝም አይነቅዝም፣ ሚኒስትሪው ይለፍና እናየዋለን" አልኩት። እኔ ያን ተረት እወደው ነበር፤ እናንተንም ስመክራችሁ እለው ነበር። ከዚያ ወዲህ ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ዝምታም ይነቅዛል ልጄ።

ሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ በጽሑፍ ይዞ መጣ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ልጁ ያለውን ቃል በቃሉ፣ በዚያ በሚያምር እጁ ቁልጭ አድርጎ ጽፎታል። አነበብኩት። ከዚያ መሳቢያዬ ውስጥ ከትቼ የጠመኔ ካርቶን አስቀመጥኩበት። ለምን ትዪኛለሽ? ርዕሰ መምህሩ ሊዛወር ነበር፤ በእሱ ቦታ የምታጨው እኔ ነበርኩ። በዚያ ሰሞን ትምህርት ጽሕፈት ቤት የትምህርት ቤታችንን ስም በክፉ እንዲሰማ አልፈለግኩም። የልጁ አጎትም ፊርማው የሚያስፈልገኝ ሰው ነበር። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ሐሙስ ቀን፣ ከገበያ ሽንኩርት ገዝቶ ሲመለስ ልጁ ከሄርማታ ሠፈር በታች ጠብቆ በዱላ መታው። ከኋላው ነው የመታው፣ ጆሮው ላይ። ሽንኩርቱ መንገዱ ላይ ተበትኖ ያደረውን ጧት ተማሪዎች አይተው ሲያወሩ ሰማሁ። ሆስፒታል አንድ ኪሎ ብርቱካን ይዤ ሄድኩ። በጎኑ ተኝቶ ነበር። ስለ ልጁ አልጠየቀኝም፣ ስለ ቁስሉም አላወራኝም። "ጋሼ፣ ወረቀቴ የት ደረሰ?" ብቻ አለኝ።

"ልኬዋለሁ" አልኩት። ዋሸሁት።

ግራ ጆሮው ከዚያ በኋላ አልሰማለትም። ክረምቱ ሲገባ ሥራውን ለቀቀ፤ ቦንጋ ሄዶ ሱቅ ከፈተ ሲሉ ሰማሁ። እኔ በመስከረም ርዕሰ መምህር ሆንኩ። እናትሽ "ያኔ ሁለት ዶሮ አርጄ" እያለች የምታወራው ድግስ ለዚያ ሹመት ነበር። ዶሮው አንገቴ ላይ ቆሞብኝ እንደነበር እሷ እስካሁን አታውቅም። ስመለስ ራሴ እነግራታለሁ። አንቺ አትንገሪያት።

ይኸው ልመክርሽ ጀምሬ የራሴን ኃጢአት ስናዘዝ ገጹ አለቀ። ግን ርዕሰ መምህርሽን ከዚህ በላይ የሚያውቀው ሰው የለም። ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል። እኔም ክፉ ሰው ነኝ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ነገ ይበርዳል እያለ መሳቢያውን የሚዘጋ ሰው ነው። መሳቢያ የማይገባ ወረቀት ስጪው።

እንዲህ አድርጊ። ማመልከቻውን በኦሮምኛ ጻፊው። የቢሮው ሥራ በኦሮምኛ ስለሆነ "አስተርጉመሽ አምጪ" ብለው ቀን እንዳይገፉብሽ። ለርዕሰ መምህሩ አድርጊውና ግልባጭ ለከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤትና ለወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረቱ (ወተመህ) በዪ። በየቦታው በእጅሽ አድርሺ፤ "እኛ እናደርስልሻለን" ቢሉሽ እሺ አትበዪ። ለማንም በእጁ አትስጪ፣ መዝገብ ቤት አስገቢው። አንዱ ኮፒ አንቺ ጋ ይቀራል፤ እሱ ላይ ማኅተም፣ ቀንና የገቢ ቁጥር ሳያሰፍሩልሽ ከመስኮቱ ንቅንቅ አትበዪ። የመምህራን ማኅበር ተጠሪያችሁም አንድ ኮፒ ይያዝ፤ መዋጮ ከደመወዝሽ በየወሩ ይቆረጥ የለም እንዴ? የስልኩን መልእክት አታጥፊ። ፎቶ አንስተሽ ለወንድምሽም ላኪለት። ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ያዩ ተማሪዎችን ስም ያዢ፤ ግን እነሱን ከፊት አታሰልፊ፣ ልጆች ናቸው።

ከዚያ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ትሄጃለሽ። የወንድምሽን ጓደኛ፣ ጠበቃውን፣ ጠይቄዋለሁ። ዛቻ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 580 የሚያስቀጣ ወንጀል ነው፤ እስከ ስድስት ወር ሊያሳስር ይችላል። ግን የግል አቤቱታ ይጠይቃል። አንቺ ካላመለከትሽ ማንም ተነስቶ አይከስልሽም። ጊዜም አለው፤ በሦስት ወር ውስጥ ካላመለከትሽ ያልፍብሻል። "ፈተናው ይለፍ፣ ክረምቱ ይለፍ" ሲሉሽ የሚያልፈው ይህ ነው። ልጁ 18 ካልሞላው ፍርድ ቤቱ ዕድሜውን ያይለታል፤ አንቺ በዚያ አትጨነቂ።

ሽማግሌ ይልኩብሻል። የልጁ አባት የተከበረ ሰው ነው አሉ፤ መላካቸው አይቀርም። ሽማግሌ አይናቅም፤ ቡና አፍይተሽ፣ አክብረሽ ተቀበያቸው። ግን ከማመልከቻው በኋላ እንጂ በፊት እንዳይሆን። እርቁም ሲሆን ልጁ ከነአባቱ ቀርቦ፣ ቃለ ጉባኤ ተይዞ፣ ፈርሞ ነው። ዜሮውን እንዳታነሺው። ድጋሚ ይፈተን ካሉ ኮሚቴው ወስኖ በጽሑፍ ያምጣ፤ ባንቺ እጅ አይሁን።

ለልጁ አላዝንም አልልሽም። አርባ ዓመት ያህል ልጆች መሐል ኖሬ ተማሪ መጥላት አልቻልኩም። በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ግማሽ ነጥብና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው ሲባል ቤት ውስጥ ቁጭ ብዬ አልቅሻለሁ። ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ስልክ ጭን ላይ አድርጎ ማለፍ የለም። ያ ልጅ በሚቀጥለው ዓመት እዚያ ገብቶ ይቀመጣል። ከአሁኑ ነቅተሽ ይዘሽዋል፤ ይህን ያደረግሽለት አንቺ ብቻ ነሽ። እኔ ያንን ረጅም ልጅ ዝም ባልኩት ጊዜ የበደልኩት መምህሩን ብቻ አልነበረም። ልጁም ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤት አልተመለሰም።

አንቺን ግን ከማንም ልጅ አስቀድማለሁ። ከግቢ ብቻሽን አትውጪ። ይህ ደብዳቤ የሚደርስሽ ሐሙስ ነው። ገበያተኛው መንገዱን ስለሚሞላው ሰው አለ ብለሽ አትዘናጊ። ያ መምህርም ብዙ ሰው ነበረው፤ ሽንኩርቱን እየዘለሉ ነው ያለፉት። ባለባጃጁ ቢዘገይ ዘበኛው ጋ ቁጭ ብለሽ ጠብቂ። ቤት ስትገቢ ለወንድምሽ "ገባሁ" ብለሽ ጻፊለት፤ እሱ በዓይኑ ይነግረኛል።

የሳጥኑ ቁልፍ ከአያትሽ በርጩማ ሥር በሚስማር ተንጠልጥሏል። ክፈቺው። ወረቀቱ ከታች ነው፣ ከማሠልጠኛ የምረቃ ፎቶዬ ሥር። አንብቢው። እሱ እንደጻፈው ጻፊ፤ ቀን፣ ሰዓት፣ የተባለው ቃል፣ የሰማው ሰው። ስሜትሽን አትጻፊ፣ እሱም አልጻፈም። ስትጨርሺ ወደ ሳጥኑ አትመልሺው። ጠረጴዛው ላይ ተዪው፣ ስመጣ ላግኘው። ቦንጋን የሚያውቅ ሰው እያፈላለግኩ ነው።

ዓርብ አስገቢ። እሁድ ጧት እናትሽ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ እደውልልሻለሁ። "ደህና ነኝ" እንዳትዪኝ። የገቢ ቁጥሩን ንገሪኝ።

አባትሽ